የአማቴ ጸበልና የሊማሊሞ ቁልቁለት

ባሌ የማኪናውን ፍሬን ራሱ ነበር የሚሠራው። ጋራዥ ጠፍቶ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ሁለት ሦስት ጋራዦች ነበሩ፤ እሱ ግን የሌላ ሰው እጅ በገባበት ፍሬን ሊማሊሞን አልወርድም ይል ነበር። "ቁልቁለቱን የምወርደው እኔ ነኝ፤ የጋራዡ ሰውዬ እቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ" ይላል። እውነቱን ነው። በዚህ ነገር ተከራክሬው አላውቅም፤ በሌላው ሁሉ ግን ስከራከረው እውል ነበር። ምላሴ ስል ነበር፤ አሁንም ስል ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። በዕድሜዬ ሙሉ ይኸ ምላስ በእርግጥ የተፈለገው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ዝም አለ። የምጽፈው የዚያን ቀን ነገር ነው።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቤታችን ማራኪ አጠገብ ነበር። ዛሬ ማራኪ ተማሪ የሚተራመስበት፣ ክፍል የሚከራይበት ሰፈር ነው፤ ያኔ ግን የገብስ ማሳ ነበር፤ ከአጥራችን ማዶ በሬ ሲጠመድ እናይ ነበር። በቤቱ ሦስት ነበርን፤ ባሌ፣ እኔና የባሌ እናት። ባሌ አንዲት ትንሽ የጭነት ማኪና ነበረችው። ከአምባ ጊዮርጊስ እህል ይጭናል፤ ደባርቅን ያልፋል፤ ሊማሊሞን ወርዶ ድብ ባሕር ያራግፋል። ሊማሊሞ ላይ ደጋው በድንገት ያልቃል፤ መንገዱ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከላይ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ከታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። የመስመሩ ሾፌር ሁሉ "እገሌ የወደቀበት" ብሎ በጣቱ የሚያሳየው መታጠፊያ ነበረው።

አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ በኋላ የምለውን የሰማ ሰው እንዳይሳሳት። ሦስት ወንዶች ወልደው ሁለቱን ቀብረዋል፤ የቀራቸው ይኸው ሾፌሩ ነው። እሱ ሊማሊሞን በወረደ ቁጥር ተመልሶ የማኪናዋ ድምፅ ከአጥሩ ጥግ እስኪሰማ ድረስ እህል አይቀምሱም። እኔ እበላለሁ፤ እሳቸው ያዩኛል። ከእኔ ጋር ያለመግባባታችን አንዱ ይኸው ነበር። ሌላው የጸበል ነገር ነው። በተጋባን በዓመቱ ሆዳቸውን አሟቸው ከደብሩ የመጣ ጸበል ሲጠጡ፣ እኔ ትምህርት ቤት የሰማሁትን ይዤ "አፍልተው ቢጠጡት አይሻልም እማማ?" አልኳቸው። "ጸበል አፍልቼ?" አሉና ጽዋውን አስቀመጡት። ያን ያልኩት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር፤ ፋሲካ እስኪደርስ ድረስ አላናገሩኝም። ሃምሳ አምስት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ቃል ኖርን። ከዚያ ወዲህ ጸበል ባዩ ቁጥር ዓይናቸው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ፍሬኑን የሠራበት ቀን ሐሙስ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ማኪናዋን ግቢው ውስጥ በክሪክ አነሣት፤ ከሥሯ ድንጋይ ደረደረ፤ አራቱንም ጎማ አወለቀ። ከጎማው በስተጀርባ ታምቡር የሚሉት ክብ ብረት አለ። ታምቡሩ ውስጥ ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጡ ሁለት ብረቶች አሉ፤ በላያቸው ሸራ ተቸንክሯል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ይሄድና ሸራውን ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ማኪና የሚቆመው በዚያ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ባሌ ስለ ሌላ ነገር ብዙ ስለማያወራ ነው።

ታምቡሮቹ አንወልቅም አሉ። እንጨት ደግኖ ዙሪያውን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ የመጀመሪያው ሲወልቅ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰው። ሸራው አልቆ፣ ሸራውን የያዘው ችንካር ከታምቡሩ ጋር ብረት ለብረት ሲፋተግ ከርሟል። ታምቡሩ ውስጥ ጣት የሚያስገባ ቦይ ወጥቶበታል። "በዚህ ነው ባለፈው ሳምንት የወረድኩት" አለ። አማቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ተነሥተው መጡና እሳቸውም ጣታቸውን በቦዩ ላይ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከማኪናዋ አላነሡም።

አዲስ ታምቡርና ሸራ አንድ የሙያ ጓደኛው ከአስመራ አምጥቶለት ነበር። የፍሬን ዘይት ግን የመጣለት አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ዞሮ ሌላ አላገኘም። ስለዚህ ሲቀዳው እንደ ሽቶ ነበር የሚሳሳለት። ኮፈኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ዘይት ማጠራቀሚያ ከሞላ በኋላ ክዳኗን በጣቱ መታ አደረገና "ሁሉም ነገር የሚሄደው ከዚች ነው፤ እሷ ደረቀች ማለት እኔ የለሁም ማለት ነው" አለ። ለእኔ ነበር የተናገረው። አማቴ ሰምተዋል።

ከዚያ አየር ማውጣት ተጀመረ። ይኸ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተጋድሞ ትንሽ ቡሎን ይከፍትና ከዘይቱ ጋር አረፋው እስኪወጣ ይጠብቃል። ረጋጯ እኔ ነበርኩ። "ርገጪ" ይላል፤ እረግጣለሁ። "ያዢ" ይላል፤ እይዛለሁ። ቡሎኑን ያጠብቅና "ልቀቂ" ይላል። በቤታችን እኔ ያለ ክርክር የምታዘዘው በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነው እያለ ይስቅብኝ ነበር። የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ከምሳ በፊት ጨረስን። ለፊተኞቹ የሚሆን ቁልፍ አጥቶ ከጎረቤት ሊዋስ ወጣ።

ወዲያው እንደ ወጣ አማቴ ከቤት መጡ። በእጃቸው የጸበል ጠርሙስ ይዘዋል። መጀመሪያ ጎማዎቹን ረጩ፤ መሪውን ረጩ፤ እኔንም አልዘለሉኝም። ይኸ የተለመደ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወደ ተከፈተው ኮፈን ጠጋ አሉ።

"የትኛዋ ናት?" አሉኝ።

"ምኗ እማማ?"

"ሁሉ ነገር የሚሄድባት። ሲናገር ሰምቻለሁ።"

በአገጬ አሳየኋቸው። ለምን አሳየሁ? ጠየቁኝ፤ አሳየሁ። ከዚያ ወዲህ አገጬን በመስታወት ባየሁ ቁጥር ይህን አስታውሳለሁ ብል ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው።

አማቴ ክዳኗን ፈቱ። "መርጨትማ ረጨሁ፤ መርጨት ግን ለጤነኛ ነው። የታመመ ይጠጣል" አሉ። ያን የተቦረቦረ ታምቡር በጣታቸው ዳስሰዋልና ማኪናዋ ለእሳቸው የታመመች ነበረች። ጠርሙሱን ዘንበል አድርገው ሁለት ጉንጭ የሚሆን ጸበል ጨመሩባት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የልጃቸውን የክርስትና ስም ሲጠሩ ሰማሁ።

አፌን ከፍቼ ነበር። "እማማ፣ ተዉ" ልል ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ያ ዓይን መጣ። ፋሲካ እስኪደርስ ያለ ቃል የኖርኩበት ቤት ትዝ አለኝ። ደግሞም ውሃ ምን ያህል እንደሚጎዳ በእርግጥ አላውቅም ነበር። ጥቂት ነው፤ ደግሞ ጸበል ነው፤ ዝም ብል ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኘሁ። አማቴ ክዳኗን ገጥመው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓትና ወደ ቤት ገቡ።

ባሌ ቁልፉን ይዞ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ያችኑ ማጠራቀሚያ ነው። "ሸጋ ነው፤ አልጎደለም" አለ ደስ ብሎት። ከዚያ ፊተኛው ጎማ ሥር ተጋደመ። "ርገጪ" አለኝ። ረገጥኩ። "ያዢ።" ያዝኩ። ዘይቱ የሚወርደው ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ስለነበር መልኩ አይታይም። እንዲህ እያልን ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ጨረስን፤ ያን ጸበል ወደ ፊተኞቹ ፍሬኖች የነዳሁት በገዛ እግሬ ነው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ገብቶ ረገጠና "ድንጋይ ነው" አለ። ፔዳሉ ደንዳና ሲሆን እንዲያ ነው የሚባለው። አማቴ ከውስጥ "ተመስገን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሊነሣ ሲል መስታወቱን እየወለወለ ሳለ ጠየቅሁት። እንዲያው ሥራ ፈትቼ የምጠይቅ መስዬ ነው የጠየቅሁት።

"ያ ዘይት ውሃ ቢገባበት ምን ይሆናል?"

"ውሃ ምን ሊሠራ ይገባበታል?"

"ቢገባበትስ?"

"ሜዳ ላይ ምንም አይሆንም፤ አታውቂውም። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላል። የፈላ ውሃ እንፋሎት ነው፤ ብትረግጪው ይጨመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፤ አለቀ" አለና ጨርቁን አራገፈ። "ምነው ጠየቅሽ?"

አማቴ ከጎኑ ቆመው ትከሻውን እያሻሹ ይመርቁት ነበር። ስለ ውሃው የተናገረውን ልብ አላሉትም፤ ፊቱን ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። እሳቸው ፊት፣ ልጅዎን ሊገድሉት ነው እንዴት ይባላል? ጸበሉ ነው የሚገድለው እንዴት ይባላል?

"እንዲያው ነው" አልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አነሣሁና ጋቢና ገባሁ። "ደባርቅ እህቴን ልጠይቃት" አልኩት። መንገድ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ደስ አለው፤ ብቻውን መንዳት አይወድም ነበርና።

ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ለእኔ እንደዚያ ቀን አጭር ሆኖ አያውቅም። እዚያ ዛፍ ጋ ስንደርስ እላለሁ፤ ዛፉ ያልፋል። ድልድዩ ጋ እላለሁ፤ ድልድዩ ያልፋል። እሱ ስለ አዲሱ ሸራ ያወራል፤ እንዴት እንደሚይዝ ሊያሳየኝ ያለ ምክንያት ይረግጥና ማኪናዋ ቀጥ ስትል ይስቃል። ይህን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ይህም አፌን ይበልጥ ዘጋው።

አምባ ጊዮርጊስ እህሉን ሲጭን አንድ ሽማግሌ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ በቅል ቅቤ ይዘዋል። ድብ ባሕር ያለችው ልጃቸው ወልዳ ለክርስትናው መሄዳቸው ነበር። ባሌ "ይውጡ አያ" ብሎ ከኋላ የጭነቱ ካሶኒ ላይ፣ ከጆንያው በላይ አስቀመጣቸው። ከመውጣታቸው በፊት በመስኮቱ በኩል አዩኝና "ልጄ፣ ምነው ገረጣሽ? ማኪና ያዞርሻል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው አንዲት ሎሚ ሰጡኝ። "አሽቺው፤ ያሽልሻል" አሉ። ሎሚውን ይዤ፣ እያሸተትኩ፣ ከነምስጢሬ ደባርቅ ደረስኩ።

ደባርቅ ላይ ባሌ ማኪናዋን አዘገመና "የእህትሽ ቤት አለፈሽ" አለ። "ስትመለስ ታወርደኛለህ፤ አብሬህ ልውረድ" አልኩ። አየኝና ነዳ።

ሾፌሮች ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት አፋፉ ላይ ይቆማሉ፤ እሱም ቆመ። ወርዶ ታምቡሮቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ነካ። ነፋሱ ከታች ሽቅብ ይመጣል። ሽማግሌው ቅላቸውንና በትራቸውን ይዘው ከካሶኒው ወረዱ። "እኔ ከዚህ ወዲያ በእግሬ ነኝ። ማኪና ሊማሊሞን ሲወርድ ተቀምጬበት አላውቅም፤ ድብ ባሕር እንገናኝ" አሉ። ባሌ ሳቀ። እኔ ግን በልቤ አመሰገንኩ፤ ቢያንስ እሳቸው የሉበትም።

ያን ጊዜ ከጋቢና ወረድኩና እጁን ይዤ ነገርኩት። "እናትህ ዘይቱ ላይ ጸበል ጨምረውበታል። የፊቶቹን ሳንሠራ፣ አንተ ቁልፍ ልታመጣ ስትሄድ። እኔ አይቻለሁ።"

ከዚያ ጋቢና ገባ፤ ፔዳሉን ሦስቴ ረገጠ። "ድንጋይ ነው" አለ።

"ሲግል ነው ብለኸኝ ነበር።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ካየሽ ምነው ትናንት ዝም አልሽ? ምነው ዛሬ ጠዋት ስትጠይቂኝ አልነገርሽኝም? አሁን እዚህ አፋፍ ላይ አቁመሽ ታሟርቺብኛለሽ?"

"እንመለስ" አልኩት።

"ተመልሼ እናቴን ምን ልበላት?" አለ። እኔን ከትናንት ጀምሮ የያዘኝ ነገር እሱንም ያዘው። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቁልቁለቱን ሲያይ ቆየ። "በአንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ። በየመታጠፊያው አቁሜ አበርደዋለሁ" አለ።

ሽማግሌው አልሄዱም ነበር። ከማኪናዋ ጎን ቆመው ኖሯል። "ጸበል አለባት ነው ያልሽው ልጄ?" አሉ።

"አዎ አያ፤ ግን…"

"እንግዲያውስ እኔን ምን አስወረደኝ?" አሉና በትራቸውን ወደ ካሶኒው ወረወሩ።

"አያ፣ በእግርዎ ቢወርዱ ይሻላል" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ያዝኩ። "ፍሬኑ አያስተማምንም።"

"ሰውን የሚያስተማምነው ጸበል ነው ወይስ ብረት?" እየሳቁ ወጡ። ባሌን አየሁት፤ እንዲያወርዳቸው። እሱ ፊቱን መለሰ። ያስፈራው ጸበሉ ነው ብሎ ለእኚያ ሽማግሌ መናገር አልቻለም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አፌን ባልከፍት ኖሮ እኚያ ሰው በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ብከፍት ኖሮም ማንም ምንም አይሆንም ነበር። ይህን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ አገላብጬዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ መልክ አላገኘሁለትም።

ወረድን። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በደህና አለፍን። በረገጠ ቁጥር ማኪናዋ ትይዛለች፤ በያዘች ቁጥር "አየሽ?" ይለኛል። በቁጣ ነው። ሁለት ጊዜ አቁሞ አበረደው። ሦስተኛው ላይ ከኋላችን ሌላ ማኪና መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቆሞ ማሳለፍ አልተቻለም፤ ሳያበርድ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ የሸራ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ። ሎሚውን አፍንጫዬ ላይ ደቀንኩ። ከላያችን ሽማግሌው ዳዊት ሲደግሙ ይሰማኛል።

ከዚያ አንድ መታጠፊያ ላይ "አየሽ?" አላለም።

እግሩን አየሁ። ፔዳሉ ወለሉን ነክቷል። አነሣ፤ ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ነካ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሰው ፊት ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። "ያዢ" አለኝ፤ ያንኑ ፍሬን ስንሠራ የሚለኝን ቃል። የእጅ ፍሬኑን ሁለታችን ይዘን ጎተትን። ማኪናዋ ፍጥነቷ አልቀነሰም። በስተግራ ገደል ነው። በስተቀኝ ጣሊያን የፈለጠው ተራራ ነው። መሪውን ወደ ተራራው ሰበረው።

ድንጋዩ በእኔ በኩል ያለውን በር ሙሉ በሙሉ ፈቀፈቀው። ማኪናዋ እየተንጫጫች ጥቂት ከሄደች በኋላ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ባሌ ግንባሩ ደምቷል። እኔ ክንዴ ተሰብሯል። ከላይ ድምፅ የለም።

ሽማግሌው ይዝለሉ፣ ይወርወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኋላችን መንገዱ ላይ ወድቀው ነበር። ነፍሳቸው አልወጣችም። ከኋላ የመጣው ማኪና ሰዎች ቃሬዛ ሠርተው አነሧቸው፤ ማኪናቸውን ማዞር ስላልተቻለ በሰው ትከሻ ሽቅብ ይዘዋቸው ወጡ። እኔ ክንዴን በነጠላ አስሬ ከጎናቸው እሄድ ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው "ባልሽ ተረፈ?" አሉኝ። ተርፏል አልኩ። "አየሽ፣ ጸበሉ ነው" አሉ። አዎ አያ አልኩ። አፋፉን ሳንወጣ ዐረፉ።

የቀበርናቸው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ልጃቸው ከነአራስነቷ ከድብ ባሕር በበቅሎ መጣች። አማቴም ከጎንደር መጡ። ባሌን ቆሞ ሲያዩት ከእግሩ ሥር ወድቀው ጫማውን ሳሙ። ባሌ ሊያነሣቸው ሲጎነበስ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "አፋፉ ላይ ነግራኝ ነበር እኮ፤ እሷ ነግራኝ ነበር" አለ። ለእኔ ሊመሰክርልኝ ነው የጀመረው፤ ይህን አምናለሁ። አማቴ ቀና ብለው "ምን ብላ ነገረችህ?" አሉት። የእናቱን ፊት አየ። ያን ጫማውን የሳመውን አፍ አየ። "ፍሬኑ ያሰጋኛል ብላ" አለና ብድግ አደረጋቸው።

ከዚያ ወዲያ ለቀስተኛው ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ነው። ልጃቸውን ጸበሉ አተረፈው፤ ሽማግሌውን የበላው የሚስቲቱ ሟርት ነው። አማቴ ለሟቹ ልጅ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ከአጠገቤ ሸሸት ብለው ተቀመጡ። ጎንደር ከተመለስን በኋላም ሰፈራችን ውስጥ ልጁን ለጉዞ የሚሸኝ ሰው እኔ ሳልፍ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ተናደድኩ። ክንዴ እየጠገገ ሲሄድ ንዴቴ እየባሰ ሄደ። ባሌ ይህን ሁሉ ያያል፤ ያውቃል፤ አይናገርም። አንድ ቀን እንኳ "ልክ ነበርሽ" አላለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ማኪናዋ ተጠግና ግቢያችን ገባች። ከአስመራ አዲስ ዘይት መጣ። እንደዚያ ቀን በክሪክ አነሣት፤ ድንጋይ ደረደረ። አሮጌውን ዘይት የተቀበለው በጥቁር ጠርሙስ ሳይሆን በብርጭቆ ነው። ረገጥኩለት። የወጣው ነገር አጓት ይመስል ነበር። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ እኔን አላየኝም። ከአጥሩ ሥር ደፋውና በአፈር ሸፈነው።

እኔ ያን ቀን ሁለት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አንደኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሁለት ወር ያላመጥኩት፤ "እማማ፣ ሽማግሌውን የገደለው የእኔ አፍ አይደለም" የሚል። ሁለተኛው ባዶ ቆርቆሮ ነው። የአሮጌውን የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ አጥቤ፣ ጠዋት ባሌ ሳይነሣ ኮፈኑ ሥር ከእውነተኛዋ ማጠራቀሚያ አጠገብ በሽቦ አስሬው ነበር፤ እውነተኛዋን ደግሞ በጨርቅ ሸፍኛታለሁ። ባሌ አዲሱን ዘይት ሲሞላ ቆርቆሮውን አይቶ ጨርቁን በቦታው መለሰው። ከሁለቱ የትኛውን እንደማደርግ ግን አልወሰንኩም ነበር።

አማቴ ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ከበፊቱ ከስተዋል። ጎማዎቹን ረጩ፤ መሪውን ረጩ፤ እኔን ዘለሉኝ። ኮፈኑ ጋ ሲደርሱ የባሌ መዶሻ ዝም አለ። ጎማው ሥር እንደ ተጋደመ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ያ መታጠፊያው ላይ፣ ፔዳሉ ወለሉን ሲነካ ያየሁት ፊት ነበር።

"የትኛዋ ናት?" አሉ አማቴ።

ከጋቢና ወረድኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድም ቃል አልጎደለውም። ጠርሙሱን የያዘውን እጃቸውን አየሁ። ልጃቸው ስለተረፈላቸው ጫማ የሳሙበትን ቀን አሰብኩ። በእጃቸው ሰው መሞቱን ብነግራቸው ከዚያ በኋላ እንዴት ባለ ቤት ውስጥ ልንኖር ነው?

የቆርቆሮውን ክዳን ፈታሁ። "እዚህ ነው እማማ" አልኩ።

ሁሉንም አንቆረቆሩት። የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠሩ። ጨርሰው ቀና ሲሉ አዩኝና "አንቺ ደግሞ ከእንግዲህ አፍሽን ሰብስቢ" አሉኝ።

"እሺ እማማ" አልኩ።

ጋቢና ገብቼ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። "ርገጪ" እስኪለኝ ጠበቅሁ። ቆየ። ዝቅ ብዬ ሳየው ግንባሩን ታምቡሩ ላይ ደፍቶ፣ ድምፁን አፍኖ ያለቅስ ነበር። አማቴ ገና አልገቡም፤ በነጠላቸው ጫፍ ያችን ቆርቆሮ ይጠርጋሉ።

"እማማ፣ ፀሐዩ በረታ፤ ይግቡ" አልኳቸው። ሲገቡ፣ ሳይለኝ ረገጥኩ።